«ግዙፍ የወባ ትንኝ» የሚባለው ዝንብ፦ የአንድን ነፍሳት ዝርያ ማረጋገጥ ምን ይጠይቃል?

ወባ በኢትዮጵያ ዳግም ካገረሸ ወዲህ ስለ ትንኞች የሚነገረውም በርክቷል። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው እ.ኤ.አ. (ሌላ ካልተገለጸ በቀር በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ብቻ በአገሪቱ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል። በእንዲህ ያለ ጊዜ መብራት ተከትሎ ወደ ቤት የገባ፣ እግሩ የተንዘላዘለ፣ ከተለመደው ቢንቢ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነፍሳት ሲታይ «ግዙፍ የወባ ትንኝ» ነው ተብሎ መደንገጡ አያስገርምም። በአሜሪካና በአውሮፓም ተመሳሳይ ስጋት በየዓመቱ ይነሣል። በአሜሪካ ደግሞ ተቃራኒ እምነትም ተጨምሮበታል፤ ይህ ነፍሳት ቢንቢ እያደነ ስለሚበላ የሰው ወዳጅ ነው ይባላል።

ሁለቱም አባባሎች ስሕተት ናቸው። ነፍሳቱ በዚህ ጽሑፍ «እግረ ረጅም ዝንብ» የምንለው ሲሆን ወባ አያስተላልፍም፣ ቢንቢም አይበላም። ጉዳዩ ግን «አትፍሩ፣ አይነክስም» ተብሎ የሚዘጋ አይደለም። አንዱን ዝርያ ከሌላው በትክክል አለመለየት ምን እንደሚያስከትል በዚሁ ዝንብ ታሪክ ውስጥ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ስሕተቱ በወባ ትንኝ ላይ ሲደርስ ደግሞ ዋጋው የሰው ሕይወት ነው።

## ከቢንቢ የሚለየው በምንድን ነው?

እግረ ረጅም ዝንቦች በሳይንሳዊ ምደባ ቲፑሎይዲያ በሚል የጋራ ስም የሚጠሩ አራት ቤተሰቦች ናቸው። «ቤተሰብ» እዚህ ላይ የምደባ ደረጃ ነው፤ ዝርያዎች በጂነስ፣ ጂነሶች ደግሞ በቤተሰብ ይሰበሰባሉ። በዓለም ዙሪያ እስከ አሁን የተመዘገቡት ዝርያዎች ከ15,000 ይበልጣሉ። ቢንቢም እነርሱም ዲፕተራ ከሚባለው የባለ ሁለት ክንፍ ነፍሳት ክፍል ስለሆኑ ዝምድና አላቸው፤ መመሳሰሉም የሚመጣው ከዚያ ነው።

ልዩነቱ ከአፍ ይጀምራል። ሴቷ የወባ ትንኝ ቆዳ በስታ ደም የምትመጥበት ረጅምና ቀጥ ያለ መርፌ መሰል መምጠጫ አላት። እግረ ረጅሙ ዝንብ ይህ መሣሪያ የለውም። አዋቂ ሆኖ የሚቆየው ከጥቂት ቀናት እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆን የዚህ አጭር ዕድሜ ዋና ተግባር መራባት ነው፤ ቢመገብ እንኳ የአበባ ወለላ ይቀምሳል ወይም ውሃ ይጠጣል እንጂ ሌላ ነፍሳት አያድንም። ክንፉን በአጉሊ መነጽር ለሚመለከት ሰው ሌላ ምልክት ይገለጥለታል። የቢንቢ የክንፍ ጅማቶች በጥቃቅን ቅርፊቶች የተሸፈኑ ናቸው፤ የእግረ ረጅም ዝንብ ግን እንዲህ ያለ ቅርፊት የላቸውም። ባለሙያዎች አጥብቀው የሚፈልጉት ደግሞ በደረቱ ጀርባ ላይ የሚገኘውን የቪ ፊደል ቅርጽ ያለው ስፌት መሰል መስመር ነው። እግሮቹ በቀላሉ ይነቀላሉ፤ ይህ ዝንቡን ከጠላት እንዲያመልጥ ይረዳዋል፣ ናሙና ለሚሰበስብ ተመራማሪ ግን ራስ ምታት ነው።

ነፍሳቱ ጥቅም የለሽ ነው ማለትም አይቻልም። አብዛኞቹ እጮች በእርጥብ አፈር፣ በበሰበሰ ቅጠልና በጅረት ዳር ይኖራሉ፤ የወደቀውን ቅጠልና እንጨት እየፈጩ ወደ አፈር ለምነት ይመልሳሉ፣ ለዓሣና ለወፍም ምግብ ይሆናሉ። በብሪታንያ ረግረጋማ ኮረብታዎች የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የነሐሴ ወር ሞቃትና ደረቅ ሲሆን የእጮቹ ቁጥር ይቀንሳል፤ ከዚያ በኋላ እነርሱን እየተመገበ ጫጩት የሚያሳድገው ወርቃማ ፕሎቨር የተባለው ወፍም ይመናመናል።

## ሁለት ዝርያ፣ አንድ መልክ

የዝርያ መለየት ጥያቄ ምን ያህል ጥቃቅን ነገር ላይ እንደሚያርፍ ለማየት ቲፑላ ፓሉዶሳና ቲፑላ ኦለራሲያ የተባሉትን ሁለት የአውሮፓ ዝርያዎች እንውሰድ። ሁለቱም ግራጫማ ቡናማ ናቸው፤ የክንፋቸው የፊት ጠርዝ ጠቆር ያለ ነው፤ በመጠንም ይቀራረባሉ። ኦለራሲያን ስም የሰጠው ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ ሲሆን ዘመኑ 1758 እ.ኤ.አ. ነበር። ፓሉዶሳ ግን የራሱን ስም ያገኘው ጀርመናዊው ዮሐን ቪልሄልም ማይገን በ1830 ከገለጸው በኋላ ነው። በመካከሉ 72 ዓመታት አልፈዋል።

ልዩነታቸው ምንድን ነው? አንቴናቸው ሲቆጠር የኦለራሲያ 13 ክፍሎች፣ የፓሉዶሳ 14 ክፍሎች አሉት። ከራስ ቅል ሥር ሲታይ የኦለራሲያ ሁለት ዓይኖች በጣም ይቀራረባሉ፤ የፓሉዶሳ ዓይኖች ደግሞ ሰፋ ብለው ይራራቃሉ። ሴቷ ፓሉዶሳ ክንፏ ከሆዷ ያጠረ ነው፤ የኦለራሲያ ሴት ግን ክንፏ ከሆዷ ጫፍ ያልፋል። ከእነዚህ መካከል ያለ መሣሪያ በጥሩ ዓይን ሊታይ የሚችለው የክንፉ ርዝመት ብቻ ነው፤ እርሱም በሴቶቹ ላይ ብቻ።

ይህ የሙያተኞች ጣጣ ብቻ መስሎ ይታይ ይሆናል። ነገር ግን የሁለቱ እጮች የሣርን ሥርና አንገት የሚበሉ ተባዮች ናቸው። በ1935 በለንደን የሚገኘው ታዋቂው የሎርድስ የክሪኬት ሜዳ በእነዚህ እጮች ክፉኛ ተጎድቶ እንደነበር የስፖርቱ ታሪክ መዝግቦታል። ፓሉዶሳ አትላንቲክን ተሻግሮ በ1955 በካናዳ ምሥራቃዊ ጠረፍ በኖቫ ስኮሺያ ታየ፤ በ1965 በምዕራብ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ፣ በ1966 ደግሞ በአሜሪካዋ ዋሽንግተን ግዛት ተገኘ። በሲያትልና በአካባቢዋ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን በእንቁጣጣሽ ሰሞን ግድግዳቸውና በራቸው ላይ ተለጥፎ የሚያዩት እግረ ረጅም ዝንብ በአብዛኛው ይኸው እንግዳ ዝርያ ነው፤ ከአፈር የሚወጣበት ዋናው ወቅት ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ነውና።

ከዚያ በኋላ ለሦስት አስርት ዓመታት በዚያ አካባቢ ሣር የሚያጠፋ እግረ ረጅም ዝንብ ሲገኝ «ፓሉዶሳ ነው» ተብሎ ይታለፍ ነበር። በ1998 ግን በብሪቲሽ ኮሎምቢያና በዋሽንግተን ኦለራሲያም እንዳለ ተረጋገጠ። ነፍሳቱ በዚያው ዓመት ነው የገባው ማለት ግን አይደለም። ፓሉዶሳ ብቻ ይኖራል ተብሎ በሚታመንበት አገር የአንቴና ክፍል የሚቆጥር ሰው አይበዛም፤ በመካከሉ ሳይታይ የቆየበት ጊዜ ሊኖር እንደሚችል መጠርጠር ተገቢ ነው።

የስሕተቱ ዋጋ በተግባር ይለካል። ፓሉዶሳ በዓመት አንድ ትውልድ ብቻ አለው፤ ኦለራሲያ ግን በፀደይና በመኸር ሁለት ጊዜ ይወጣል። እጮቹን ለመቆጣጠር ትክክለኛው ጊዜ ገና ትንንሽ ሳሉ ስለሆነ፣ ዝርያውን የሳተ ገበሬ ወይም ሣር ጠባቂ ወቅቱንም ይስታል። አዋቂው ሣር ስለማይበላ በረንዳ ላይ ያረፉትን ዝንቦች በመድኃኒት ማጥፋት ለሣሩ የሚያስገኘው ጥቅም የለም። ከዚህም በላይ በዚያ አካባቢ ምንም ጉዳት የማያደርሱ አገር በቀል እግረ ረጅም ዝንቦች አሉ፤ በመልክ ብቻ ተፈርዶባቸው ይጠፋሉ። ጤነኛና በደንብ የተያዘ ሣር ብዙ እጭ ተሸክሞ ጉዳት ሳያሳይ ሊቆይ እንደሚችልም ይታወቃል። ስለዚህ ከመርጨት በፊት ቆፍሮ መቁጠርና ማንነቱን ማጣራት ገንዘብንም አፈርንም ያድናል።

## ቁልፉ ውስጥ የሌለ ስም አይወጣም

ባለሙያዎች ዝርያ የሚለዩበት ዋና መሣሪያ «መለያ ቁልፍ» ይባላል። ደረጃ በደረጃ የሚሄዱ ጥያቄዎች ዝርዝር ነው፦ የአንቴናው ክፍል 13 ነው ወይስ 14? ክንፉ ከሆዱ ይረዝማል ወይስ ያጥራል? እያንዳንዱ መልስ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ ይመራል፣ በመጨረሻም ስም ይገኛል። የዚህ መሣሪያ ትልቁ ድካም እዚህ ላይ ነው። ተጠቃሚውን ምንጊዜም ወደ አንድ ስም ያደርሰዋል፤ በእጁ ያለው ነፍሳት በቁልፉ ውስጥ ያልተካተተ ቢሆንም እንኳ።

ኢትዮጵያ ይህንን በአኖፌለስ ስቴፈንሲ አይታዋለች። ይህ የወባ ትንኝ መነሻው ደቡብ እስያና የዐረብ ባሕረ ገብ መሬት ሲሆን በ2012 በጅቡቲ፣ በ2016 ደግሞ በሶማሌ ክልል በቀብሪ ደሃር ተገኘ። በአፍሪካ ለረጅም ጊዜ ያገለገለው የ1987 መለያ ቁልፍ ይህን ዝርያ አልያዘም ነበር፤ ተሻሽሎ ዝርያው የተካተተበት የወጣው በ2020 ነው። በአሮጌው ቁልፍ የሚሠራ ባለሙያ ምንም ያህል ጠንቃቃ ቢሆን ስቴፈንሲን በአፍሪካ ከሚታወቁት ከአኖፌለስ ጋምቢየ ቡድን ትንኞች አንዱ አድርጎ ሊመዘግበው ይችል ነበር። በቀብሪ ደሃር ማንነቱ የጸናው የመልክ ምርመራውና የዘረመል ምርመራው አንድ ላይ ሲመሰክሩ ነው።

ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። በአገሪቱ ዋናዋ የወባ አስተላላፊ አኖፌለስ አራቢየንሲስ የምትራባው በአብዛኛው ዝናብ ባቆራቸው ጊዜያዊ ኩሬዎች ነው። ስቴፈንሲ ግን በከተማ በውሃ ማጠራቀሚያ ታንከር፣ በበርሜልና በግንባታ ቦታ በሚጠራቀም ውሃ ይራባል፤ በደረቁ ወራትም አይጠፋም። በ2022 በድሬዳዋ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ከዚህ ትንኝ ጋር የተያያዘ መሆኑን በቦታው የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ኩሬ እያደረቀ በርሜሉን የሚረሳ ዘመቻ ትክክለኛውን ሥራ በተሳሳተው ትንኝ ላይ እየሠራ ነው ማለት ነው።

በስልክ ፎቶ አንሥቶ ዝርያውን የሚነግሩ መተግበሪያዎችም ከዚሁ ችግር ነፃ አይደሉም። የተማሩት ቀድሞ ስም ከተሰጣቸው ፎቶዎች ስለሆነ ከሚያውቋቸው መካከል የሚቀርበውን ይመርጣሉ። ከአውሮፓና ከሰሜን አሜሪካ የሚገቡላቸው ፎቶዎች እጅግ ብዙ፣ ከአፍሪካ ቀንድ የሚገቡት ግን ጥቂት በመሆናቸው ከእኛ አገር ለተነሣ ፎቶ የሚሰጡት መልስ ይበልጥ መጠራጠርን ይጠይቃል። «ይህ ቢንቢ ነው ወይስ እግረ ረጅም ዝንብ?» ለሚለው ጥያቄ ግን ጥሩ አገልግሎት ይሰጣሉ፤ ይህን ጥቅማቸውን መካድ አይገባም።

## አዲስ ዝርያ እንዴት ይገለጻል?

አንድ ነፍሳት ከታወቁት ሁሉ የተለየ መስሎ ሲታይ ሥራው ከመለየት ወደ መግለጽ ይሸጋገራል። በእግረ ረጅም ዝንቦች ዘንድ ይህ ሥራ በአመዛኙ የሚያርፈው በወንዱ የሆድ ጫፍ ላይ ባለው የመራቢያ አካል ላይ ነው። ቀለም በአንድ ዝርያ ውስጥ እንኳ ይለዋወጣል፣ ናሙናው ሲደርቅም ይደበዝዛል፤ የመራቢያው አካል ግን በአንድ ዝርያ ውስጥ ጸንቶ በሁለት ዝርያዎች መካከል በግልጽ ይለያያል። ለምን እንዲህ እንደሆነ ሁለት ማብራሪያዎች ይቀርባሉ። ጥንታዊው ማብራሪያ የወንዱና የሴቷ አካል ልክ ለልክ የሚገጥሙት ከሌላ ዝርያ ጋር መዳቀልን ለመከላከል ነው ይላል። በኋላ የመጣውና ዛሬ ብዙዎች የሚያዘነብሉበት ደግሞ ሴቶች በሚያደርጉት ምርጫና ወንዶች እርስ በርስ በሚፎካከሩበት ሂደት ቅርጹ በፍጥነት እንደሚለወጥ ያስረዳል።

ተመራማሪው ይህን አካል ቆርጦ በፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ውህድ ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ለስላሳው ሥጋ ሟሙቶ ጠንካራው ቅርፊት ብቻ ሲቀር በማይክሮስኮፕ እያየ ይሥለዋል። የክንፉን ጅማት አወራረድ ይመዘግባል፣ የአንቴናውን ክፍሎች ይቆጥራል፣ ቀደም ሲል ከተገለጹት ተቀራራቢ ዝርያዎች ናሙና ጋር ያስተያያል። በዓለም አቀፉ የእንስሳት ስያሜ ሕግ መሠረት አዲሱ ስም የሚጸናው ልዩነቱ በጽሑፍ ሲታተምና ስሙን የሚሸከም ናሙና ሲወሰን ነው። ይህ አንድ ናሙና «ሆሎታይፕ» ይባላል። በገበያ ላይ ስፍር ሲያጨቃጭቅ ወደ ተመሰከረለት ቁና እንደሚኬደው ሁሉ ስለ ዝርያው ክርክር ሲነሣም የሚኬደው ወደ ሆሎታይፑ ነው።

በዚህ መስክ ከአሜሪካዊው ቻርልስ ፖል አሌክሳንደር ጋር የሚወዳደር ሰው አልተነሣም። ከ1889 እስከ 1981 የኖረው ይህ ሰው ከ11,000 በላይ የእግረ ረጅም ዝንብ ዝርያዎችን ገልጿል፤ ከመላው ዓለም፣ ከአፍሪካም ጭምር የተላኩለትን ናሙናዎች ሲመረምር ኖሯል። ስብስቡ ዛሬ በዋሽንግተን ዲሲ በስሚዝሶኒያን ተቋም ይገኛል። ከዚህ ሥራ ብዛት የተነሣ ብዙዎቹ መግለጫዎቹ አጫጭር ናቸው፤ በአንድ ናሙና ላይ ብቻ የተመሠረቱም ብዙ ናቸው። ስለዚህ የዛሬ ተመራማሪ ስሙን ካነበበ በኋላ ናሙናውን ራሱን ማየት ግድ ይሆንበታል። አሌክሳንደርን የሚወቅሱ ፍጥነቱን ያነሣሉ። በእኔ እምነት ግን ናሙናዎቹን በሥርዓት ማኖሩ ከብዙ ነቀፋ ያድነዋል፤ የጎደለው መግለጫ ዛሬም ሊሟላ የሚችለው ዝንቡ መሳቢያው ውስጥ ስላለ ነው።

## ፎቶ፣ ዘረመል ወይስ ናሙና?

አሁን በሙያው ውስጥ ያለው ትልቁ ክርክር ናሙና ሳይያዝ ዝርያ መሰየም ይገባል ወይስ አይገባም የሚል ነው። በ2015 ሁለት ተመራማሪዎች በደቡብ አፍሪካ የተገኘ ማርሌይሚያ ዛይሎኮፔ የተባለ ዝንብ ገለጹ። ነፍሳቱ ስላመለጠ በእጃቸው የነበረው ፎቶ ብቻ ነበር። ስያሜ ሕጉ ይህን አይከለክልም፤ ሆሎታይፑ ያመለጠው እንስሳ ነው፣ ፎቶው ማሳያው ነው የሚል ትርጓሜ አለ። ደጋፊዎቹ ለመጥፋት የተቃረቡ ወይም መያዝ የማይፈቀድላቸው እንስሳት ስም አጥተው መቅረት የለባቸውም ይላሉ። በቀጣዩ ዓመት ወደ 500 የሚጠጉ የምደባ ባለሙያዎች ፈርመው በጋራ ተቃወሙ፤ ፎቶ አይቆረጥም፣ ዘረመል አይወጣለትም፣ ያልታየው የሰውነት ክፍል በኋላ ቢፈለግ አይገኝም አሉ።

ለእግረ ረጅም ዝንቦች የተቃዋሚዎቹ ክርክር ሚዛን የሚደፋ ይመስለኛል። ወሳኙ ምልክት በሆድ ጫፍ ውስጥ ተደብቆ እያለ ከላይ የተነሣ ፎቶ ሊናገር የሚችለው ጥቂት ነው።

ሌላው መንገድ የዘረመል ባርኮድ ነው። ይህም ከሴሉ ማይቶኮንድሪያ ውስጥ ወደ 650 ፊደል የሚጠጋ የዘረመል ቁራጭ አንብቦ ከተከማቹ ንባቦች ጋር ማስተያየት ማለት ነው። ዘዴው ከ2003 ወዲህ ተስፋፍቷል። ትልቁ ጥቅሙ እጭን፣ ሴትን ወይም የተቆረጠ እግርን ሳይቀር ለመለየት ማስቻሉ ነው፤ በመልክ ብቻ እነዚህን መለየት ብዙ ጊዜ አይቻልም። ደካማ ጎኑም አለው። በቅርብ ዘመን እርስ በርስ የተነጣጠሉ ዝርያዎች አንድ ዓይነት ባርኮድ ሊኖራቸው ይችላል፣ በመዳቀል ምክንያትም የአንዱ ማይቶኮንድሪያ በሌላው ውስጥ ይገኛል። ከሁሉ በላይ ግን ስሙን የሚሰጠው የንባቡ ማከማቻ ነው፤ ማከማቻው ውስጥ ያልገባ ዝርያ ቁጥር እንጂ ስም አያገኝም። በ2021 ከኮስታሪካ 403 የተርብ ዝርያዎች በአብዛኛው በባርኮድ ላይ ተመሥርተው በአንድ ጊዜ ሲገለጹ የተነሣው ውዝግብ የዚህ ነጸብራቅ ነበር። አንዱ ወገን ደን ከመጥፋቱ በፊት መፍጠን አለብን አለ፤ ሌላው ወገን ማይክሮስኮፕ ብቻ ያለው ባለሙያ እነዚህን ስሞች እንዴት ይጠቀምባቸዋል ሲል ጠየቀ። ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ሁኔታ ቀላል አይደለም።

## ናሙናው የት ይቀመጥ?

የኢትዮጵያ ደጋዎች ነፍሳት ለሳይንስ አዲስ አይደሉም። እንግሊዛዊው ሂው ስኮት በ1926 እና 1927 ባደረገው ጉዞ ብዙ ነፍሳት ሰብስቦ የወሰደ ሲሆን ስብስቡ በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ይገኛል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የሚሠራ ወጣት ተመራማሪ በእጁ ያለው ዝንብ አዲስ መሆኑን ለማረጋገጥ ወደ ለንደን ወይም ወደ ዋሽንግተን መጻፍ፣ አለዚያም መጓዝ ሊኖርበት ይችላል።

በሌላ በኩል የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀምን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት የናጎያ ፕሮቶኮል በ2014 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ፣ በአገር ውስጥም የጄኔቲክ ሀብትን ማግኘትና የማኅበረሰብ መብትን የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 482/1998 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) ከወጣ ጀምሮ፣ ናሙና ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም። የዚህ ጥብቅነት ምክንያት ግልጽ ነው፤ አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ የወሰደው ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት እስከ ተሻረበት እስከ 2018 ድረስ ያስከተለው ቁጣ አልተረሳም። አንዳንድ የምደባ ተመራማሪዎች ግን ለንግድ የማይውል አንድ ዝንብ ለንጽጽር ለመላክ የሚያስፈልገው ወረቀት ሥራቸውን እንደሚያጓትተው ያማርራሉ። ሁለቱም ወገን እውነት አለው። ሕጉን ከማላላት ይልቅ ሆሎታይፕ በአገር ውስጥ የሚቀመጥበትን ቦታ ማጠናከር የተሻለ መንገድ ይመስለኛል፤ ሌሎቹ ናሙናዎች በስምምነት ለንጽጽር ሊላኩ፣ የጥንቶቹ ሆሎታይፖች ምስልም በጥራት ተነሥቶ ወደዚህ ሊመጣ ይችላል። ለዚህ መሳቢያ፣ አልኮል፣ ማይክሮስኮፕና ደመወዙ የማይቋረጥ ባለሙያ ያስፈልጋል።

እስከዚያው ግን ከሕዝብ የሚመጣ መረጃ ጥቅም እንዲኖረው ማድረግ ይቻላል። እንግዳ መሳይ ትንኝ ወይም ዝንብ ያየ ሰው ከላይ፣ ከጎንና ከፊት ሦስት ፎቶ ቢያነሣ፣ ክንፉና አፉ በግልጽ ቢታዩ ለባለሙያ ብዙ ይነግራል። የሞተ ነፍሳት ካገኘ እግሮቹ እንዳይነቀሉ ተጠንቅቆ ንጹሕ አልኮል ባለበት ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ሊያስቀምጠው ይችላል። የተገኘበት ቦታ፣ ቀኑና ያገኘው ሰው ስም በወረቀት ተጽፎ ከናሙናው ጋር ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፤ የእስክሪብቶ ቀለም በአልኮል ስለሚሟሟ በእርሳስ ይጻፍ።